ስምንተኛው ቁጥር

ሥራ ቦታ «ጆሮ» ይሉታል። አይግረማችሁ፣ የማንንም ወሬ ሰምቶ አያውቅም። የስልክ ድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ እንደደወለ ዝርዝሩን አትሞ ለመርማሪዎች ይልካል። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይመጣል፣ ቁጥሮቹን ያስገባል፣ ወረቀቱ ይወጣል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ምን ቆርጦት ይጠይቃል።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ገመና እንቅልፍ ነስቶት አያውቅም። እንቅልፍ የነሳው የገዛ ሚስቱ ስልክ ነው። ቤት ሆና ልብስ ትሰፋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስልኳ ሲጠራ መቀሷን ጥላ በረንዳ ትወጣለች፣ በሩንም ገርበብ ታደርገዋለች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነው። «ማነው?» ሲላት «ደንበኛ ነው» ትለዋለች። የምን ደንበኛ! ለደንበኛ እንዲህ ይሳቃል እንዴ? ግን ቀናተኛ እንዳይባል ሌላ አይጠይቅም።

አንድ ማክሰኞ ሰባት ቁጥር የያዘ ደብዳቤ መጣ። ያለ ደብዳቤ የማንንም ዝርዝር መክፈት አይቻልም፤ የተከፈተው ቁጥር ሁሉ ደብዳቤው ላይ መኖሩንም ተቆጣጣሪ ያመሳክራል። ጆሮ ታዲያ ምን አደረገ? ከሰባቱ ግርጌ የሚስቱን ቁጥር በእስክሪብቶ ጨመረ።

ወረቀቱ ወጣ። አንድ ቁጥር፣ በየቀኑ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። የተመዘገበው በወንድ ስም ነው። ስሙን ደጋግሞ አነበበው፤ አያውቀውም። በዚያው ገጽ ላይ እሱ ራሱ ከሚስቱ ጋር ያወራው አርባ ሴኮንድ ነበር፤ እሱም ስለ ቤት ቁልፍ። ዓይኑ ደም ለበሰ።

ገጿን አጥፎ ኪሱ ከተተና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ሲመለስ ደብዳቤውንና ሰባቱን ገጾች የከተተበት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ የለም።

«አንተ ጆሮ፣ ስምንት ቁጥር ተጠይቆ ሰባት ገጽ ልትልክ?» አለችው የክፍል ኃላፊዋ። «የጎደለውን እኔ አትሜ አሟልቼልሃለሁ። መልእክተኛው ወስዶታል።»

ምን ይበል? ስምንተኛዋ ሚስቴ ናት ይበል? «አመሰግናለሁ» አለ።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ሳሎን ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ዛሬ ሦስት መርማሪዎች ጠርተውኝ ነበር» አለችው። «ከማን ጋር እንደማወራ አንድ በአንድ አነበቡልኝ። ልብሴን ያወለቁብኝ ነው የመሰለኝ።»

«ምን... ምን አድርገሽ ነው?» አለ።

«ደብዳቤውን አሳዩኝ። ሰባቱ ቁጥሮች በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው። የእኔ በእጅ ነው። የአንተ የእጅ ጽሑፍ ይጠፋኛል?»

አሁን እግሯ ላይ ይወድቃል ብላችሁ ይሆናል። ቅናት እንዲህ ቶሎ መች ይለቃል!

«ሰውየው ማነው?» አለ።



«እነሱም ጠይቀውኝ ነበር። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደውልልኝ፣ ለምን ከአንተ እንደደበቅሁት ሁሉንም ነገርኳቸው። አምነውኝ ለቀቁኝ። ለአንተ ግን አልነግርህም።»

እንደተናገረችውም አደረገች። ከዚያ ወዲህ ጆሮ በሰውየው መቅናቱን ትቶ በሦስቱ መርማሪዎች ይቀናል።