አባ ጀማልን «ቁም» ያልኩት ምሽት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የጎረቤታችን ልጅ የፈቲያ ኒካህ በታሰረበት ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርግ አንስቻለሁ፤ ያነሳሁትንም ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያቺን አንዷን ፎቶ ግን ዓይኔን ስጨፍንም አያታለሁ።

እኔ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የስልክ ከቨር፣ ቻርጀርና ኢርፎን እሸጣለሁ። ፎቶ ማንሳት በኋላ የመጣብኝ አመል ነው። አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁና ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ መማር ጀመርኩ። ቀን ቀንማ ማን ይችለኛል። ያቃተኝ ምሽት ነው። የድሬ ድግስ ደግሞ ፀሐይዋ በረድ ካላለች አይደምቅም። የማነሳው ሁሉ ወይ ይጠቁራል ወይ ይደበዝዛል። የገበያ ጓደኞቼ «ያንተ ፎቶ ላይ ሰው ለማግኘት ባትሪ ማብራት ያስፈልጋል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የፈቲያ አባት አባ ጀማል በደህናው ጊዜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቤቱ ኦሮምኛ፣ መንገድ ላይ ሶማሊኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ያወራል። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይደለንም፤ አንተ እያልኩት ነው ያደግኩት፣ እዚህም እንደዚያው ልጻፈው። ከሰርጉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከዚያ በኋላ ሰው ካልደገፈው ከወንበር አይነሳም። ፎቶ መነሳት ድሮም አይወድም። ከመንጃ ፈቃዱ ጉርድ ፎቶ በቀር አንድም ምስል የለውም። ፈቲያም «ሌላው ይቅር፣ እኔና አባን አብረን አንሳን» ብላ ያስጠራችኝ ለዚህ ነው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደረስኩ። መብራት ሄዷል። ግቢው ውስጥ አንዲት የሶላር አምፖል ብቻ ተንጠልጥላለች።

«ፍላሽ እንዳታበራ፣ አባ ይደነግጣል» አለችኝ ፈቲያ።

ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ እንዲቆይ ማድረግ እንደሚቻል ተምሬአለሁ። ትራይፖድ ላይ አሰርኩትና አራት ሰከንድ ሞላሁለት። በዚያች ጊዜ ውስጥ የተነቃነቀ ሰው ይደበዝዛል። ይህንን ለሁሉም ነገርኳቸው።

አባ ጀማል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፈቲያ ከጎኑ ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋለች። ልጫን ስል አባ ጀማል አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አባ ጀማል፣ ቁም» አልኩት።

አትነቃነቅ ማለቴ ነበር። የሚሮጥን ልጅ ቁም እንደምንለው። ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም ተጫንኩ። ካሜራው በሚያነሳበት ጊዜ የማይበት ቀዳዳ ስለሚጨልም በዚያ መሀል ምንም አላየሁም። ቀና ስል እንደተቀመጠ ነው። ልድገም ብዬ ሳስተካክል «አቦ ይበቃል፣ ደከመኝ» አለ። ደግፈው ወደ ቤት አስገቡት።

በዚያው ሳምንት አረፈ።

ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ያየሁት ከቀብር መልስ ነው። ፈቲያ ጥርት ብላ ወጥታለች፤ የእጇ ሂና ሳይቀር ይታያል። አባ ጀማል ግን ሁለት ነው። አንዱ ተቀምጧል። ሌላው ከዚያው ወንበር ተነስቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱም ስስ ናቸው፤ ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ በደረታቸው አልፎ ይታያል።

ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ነገሩን ማስረዳት እችላለሁ። ሰው ካሜራው ሳይዘጋ ከተነሳ ሁለት ቦታ ይወጣል፤ ማንኛውም ጀማሪ ይህን ያውቃል። ግን አባ ጀማል እንዴት ብሎ ይነሳል? ላጠፋው ፈለግኩ። እጄ እምቢ አለ፤ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ያላት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

የለቅሶው ተዕዚያ ካለፈ በኋላ ፈቲያ ሱቄ መጣች። ልዋሻት አስቤ አልሆነልኝም፤ አሳየኋት። ስለ ካሜራው አወራሁ። «መሀል ላይ ተነስቶ ይሆናል» አልኳት።

«አልተነሳም» አለች። «እጄ ትከሻው ላይ ነበር። ተመልከተው።»

እውነትም እጇ ቅንጣት አልደበዘዘም። በተቀመጠው አባቷ ትከሻ ላይ እንዳረፈ ነው።

«ያኔ ምን ነበር ያልከው?» አለችኝ።

«ቁም» አልኳት። ቃሉ ካፌ ሲወጣ ሰውየውን ሂድ ብዬ የሸኘሁት እኔ መሰለኝ። እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ።

ፈቲያ ፎቶውን ደግማ አየችው። «ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ያለው ሰው አልነበረም» አለች። «እኛ ሁላችንም ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ ስንለው ነው የኖርነው።»

ፎቶውን አሳጥባ በእናቷ ሳሎን ውስጥ ሰቀለችው። እኔ ዛሬም እፈራዋለሁ። እዚያ ቤት ስገባ ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አልችልም፤ ፊት ለፊት ስቀመጥ ደግሞ የትኛውን እንደማይ አላውቅም። እናትየው ግን ግራ አልገባትም። ለእንግዳ ስታሳይ የተቀመጠውን በመዳፏ ትሸፍነዋለች።