መካሪው በምን ይኖራል?

ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው። ሬዲዮ መጠገንን ከተበላሸ ሬዲዮ፣ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ወረቀት ተማርኩ። ስልኩንም ማንም አላስተማረኝም። ሰበታ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ስልክን እንደ እኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ባለፈው ክረምት የዕድራችን ጸሐፊ ቤቴ መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወጥታ እዚህ ቤት ከሠራች ቆይታለች። የአባላቱ ሁሉ ስም፣ ቤትና ስልክ ቁጥር እሷ ስልክ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት በቴሌግራም የምታስታውቀው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ቪዲዮ አየሁ» አለችኝ። «ስልካችን እየሰለለን ነው አሉ። ሰውየው የሚጠብቀን አፕ አለ፣ እሱን ጫኑ ይላል። አሁን ለአባላቱ በሙሉ ልልክላቸው ነው።»

ደነገጥኩ። የዕድርን መልእክት ማንም አይጠራጠርም። ቀብር ነው ሲባል ነጠላውን አንስቶ የሚወጣ ሰው፣ ጫን ሲባልም ሳይጠይቅ ይጭናል።

«ቆይ እስቲ። ሰውየው በምን ይኖራል?»

«እኔ ምን አውቄ? ደግ ሰው ይመስላል።»

ቪዲዮውን ሁለቴ አየሁት። አብዛኛው ማስፈራራት ነው፤ የቀረው ማስታወቂያ። ከሥሩ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ በእሱ ሊንክ ሰው በጫነ ቁጥር እንደሚከፈለው ተጽፏል። እሷ አላነበበችውም፤ እኔ አነበብኩት። አፑን ሲም በሌለው አሮጌ ስልኬ ላይ ጫንኩት። ገና ሲከፈት የስልክ ቁጥሮቹን፣ መልእክቶቹንና ማይክሮፎኑን ፍቀዱልኝ አለ።

«ዘበኛ ሆኖ ሊቀጠር የመጣ ሰው የቁም ሣጥንሽን ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«ቴሌግራሙስ አይጠይቅም እንዴ?»

«ይጠይቃል፤ እሱንም አላምነውም። በላዩ ሌላ መጨመር ግን መጠበቅ አይባልም።»

ስልኩን ትንሽ አየችና ሳቀች። «እርስዎስ ጋሼ? ሲመክሩን ምን ያገኛሉ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ፤ ያስተማርኳትን ወዲያው በእኔ ላይ ሞከረችው። «ሙገሳ» አልኳት። «እሱንም በግልጽ ነው የምቀበለው።»

«ዱጉማ!» አለች በኦሮምኛ። «እውነትዎን ነው፤ ይህንንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

የጻፈችውን ፊቴ አጠፋችው። በምትኩ፣ «በዕድሩ ስም ምንም ነገር ጫኑ ብትባሉ መጀመሪያ ለእኔ ለጸሐፊያችሁ ደውሉ» ብላ ጻፈች። ምክሩ የእኔ መሆኑ እንዲታወቅ ስሜን ከሥሩ እንድታስገባ ጠየቅኋት።

«ይተዉ ጋሼ» አለች። «እዚህ ላይ የማን ስም እንደሚወጣ ያውቃሉ። መልእክቱን ሳያነቡ ድንኳን ይዘው ደጅዎ ይመጣሉ።»

እውነቷን ነበር። መልእክቱ ያለ ስሜ ሄደ።