የጎረቤቴ ልጅ ያስተማረኝ ስታትስቲክስ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካደጉት ልጆች መካከል ከእጄ መርፌ ያልቀመሰ ካለ፣ ሩጫ የሚችል ነበር ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ ፀጉሬ ሸበተ። ሰውም ስሜን ረስቶ «ሲስተር» እያለ ይጠራኛል። የመጨረሻዋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ እኔም በዲፕሎማዬ ላይ ዲግሪ ልጨምር ብዬ ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር ኮሌጅ ተመዘገብኩ።

ባለቤቴ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ነገርን ሁሉ እንደ ሞተር ነው የሚያየው።

«ጡረታሽ ደርሶ ዲግሪ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ።

«አንተ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ የገዛኸው መፍቻ ምን ሠራልህ?» አልኩት። መፍቻውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ በሙሉ ብድግ አሉ። አንዷ ልጅ እንዲያውም ሮጣ ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረች።

«ተቀመጡ፣ እኔም ተማሪ ነኝ» አልኳቸው።

እያዘኑልኝ ተቀመጡ። ያቺ ሰሌዳ የጠረገችው ልጅ ግን ከማራገቢያው ስር የነበረውን የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከማራገቢያ ስር ወንበር መልቀቅ ቀላል ውለታ አይደለም። እኔም ውለታዋን የመለስኩት እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው።

የስታትስቲክስ አስተማሪው ሲገባ ግን ከእንቅልፌ ነቃሁ። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ወጣት ነው። ክፍሉን እየቃኘ እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ፣ ቀኝ እጁም ሳያስበው ወደ መቀመጫው ሄደ። ያኔ አወቅሁት። የጎረቤቴ ልጅ ነው። በልጅነቱ ቶንሲል እየያዘው፣ እኔ ፔኒሲሊን ይዤ ስመጣ የግቢያቸው ኒም ዛፍ ላይ ይወጣ ነበር። እናቱ እግሩን ይዛ ትጎትታለች፣ እኔ መርፌዬን ይዤ ከታች እጠብቃለሁ። አዲስ አበባ ተምሮ አስተማሪ መሆኑን ሰምቼ ነበር እንጂ የእኔ አስተማሪ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

የተቸገርነው በአጠራር ነው። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ ትንሹም ትልቁን «አንተ» ቢለው ማንም አይቀየምም። እሱ ግን ከአዲስ አበባ ይዞት በመጣው ወግ «እርስዎ» ብሎኝ ጀመረ። ልጆቹ ሲስቁበት ወደ «አንቺ» ዞረ። ያም ሳይቀናው ቀርቶ ሁለቱንም ተወና «ሲስተር፣ ይህን ጥያቄ መመለስ ይቻላል?» እያለ እኔን ከዓረፍተ ነገሩ አወጣኝ። እኔም «መምህር» ማለት እየተለማመድኩ ሳለ፣ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «ማሙሽ፣ ሁለተኛው መስመር አልገባኝም» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሁሉ ከጀርባው ማሙሽ ይለዋል።

የአጋማሹ ፈተና ውጤት የተመለሰ ዕለት የሌሎቹን ወረቀት ገልጦ ሰጠ፣ የእኔን ግን አራት ቦታ አጥፎ፣ ለሐዘንተኛ መሐረብ እንደሚያቀብል ሰው አንገቱን ደፍቶ ዘረጋልኝ። ክፉኛ ወድቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ለባለቤቴ ነገርኩት። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ፣ የአስተማሪው እናት፣ ዶሮዎቿን ትመግብ ኖሮ ሁሉንም ሰማች።

ዓርብ ምሳ ጠራችኝ። ስገባ ልጇም ተጠርቶ ተቀምጧል። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀርቧል። ጎረቤቴ ለእኔ ሥጋ ከመረች፣ ለልጇ ሩዙን ብቻ አቀረበችለት።

«ይህችን ሴት ጣልካት አሉ» አለችው።

«እማ፣ እኔ አልጣልኳትም። ጥያቄውን አልመለሰችም።»

«ወላሂ አታፍርም። አክማ ያሳደገችህን ሴት?»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። «ተይው አቦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አላወቅሁትም» አልኳት።

«ምን ቢጠይቅሽ ነው የማታውቂው? እስቲ አሁን ይጠይቅሽ፣ እኔ ልስማ።»

ልጁ ሥጋውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት ምን ማለት ነው?»

ከአፌ ምን እንደወጣ ዛሬ ድረስ በትክክል አላውቅም። ስለ አማካይ አንድ ነገር አልኩ፣ ከዚያ ካሬ ጨመርኩበት፣ መሃል ላይ የደም ግፊትም ገባበት። ጎረቤቴ ስታትስቲክስ አታውቅም፤ የሚያወራው ሰው የሚያወራውን አለማወቁን ግን ከፊቱ ታነባለች። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ከሳህኔ ትልቁን ሥጋ አንስታ ልጇ ሩዝ ላይ አስቀመጠችለት።

«ብላ ልጄ፣ ልክ ነህ» አለችው። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ እዚህ ትመጪያለሽ። ያስጠናሻል።»

«እማ፣ አንድን ተማሪ ለይቼ ማስጠናት አልችልም፤ ነውር ነው» አለ ልጁ።

«የወደቁትን ሁሉ አምጣቸዋ።»

በሚቀጥለው ዓርብ ያቺ ወንበሯን የለቀቀችልኝ ልጅ ከብዙ ጓደኞቿ ጋር መጣች። ለካ ብቻዬን አልነበረም የወደቅሁት። ኒሙ ስር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አስተማሪው የበር መዝጊያ ላይ በጠመኔ እየጻፈ ያስተምራል። ጎረቤቴ ስልኮቻችንን ሰብስባ ድስት ውስጥ ከደነችና በርጩማዋን ይዛ ከኋላችን ተቀመጠች። እሱ አንድ ነገር በጨረሰ ቁጥር «ምን አለ?» ትለኛለች። ኦሮምኛ ከአማርኛ እየቀላቀልኩ ላስረዳት እሞክራለሁ። ስሳሳት ገብቷት አይደለም፣ ስንተባተብ ታውቅብኛለች። «አልያዝሽውም፣ እንደገና ይንገርሽ» ትላለች። እንዲህ እያልን ባጃጆች ከሳቢያን እስከ ከዚራ ሰፈር የሚወስድባቸውን ጊዜ አማካይ አወጣን፣ የዶሮዎቿን ክብደት አማካይ አወጣን። አንድ ዓርብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ምንም ሳልንተባተብ አስረዳኋት። አንገቷን ነቀነቀችና ሻይ ልትቀዳ ተነሳች።

የመጨረሻው ፈተና ዕለት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ጻፍኩ፤ ቢያንስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውጤቱ ሲወጣ አስተማሪው ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ፊቱ በርቷል።

«ሲስተር፣ ሲ ፕላስ አግኝተሻል» አለኝ። «አንቺ» ማለቱን እሱም አላስተዋለውም። «ለእማ ግን አንቺ ንገሪያት።»

ከባጃጅ ሳልወርድ ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን አመጣሽ?»

«ሲ።»

«ሲ ስንተኛ ናት?»

«ኤ አለች፣ ቢ አለች፣ ከዚያ ሲ ናት።»

በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰፈሩ ከየቤቱ ሲወጣ «ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣች» አለቻቸው። ላርማት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ከግራ ከቀኝ መሳሳም ተጀመረ። ባለቤቴ ሳይቀር እጁ ላይ ቅባት እንዳለ አቀፈኝ።

አመሻሹ ላይ አስተማሪው ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ የእናቱን ግቢ ሰው ሞልቶታል።

«ሰማህ?» አለችው እናቱ ሩዝ እየጨለፈች። «ሲስተር ሦስተኛ ወጥታለች።»

እኔን አየኝ። እኔ ኒሙን አየሁ።

«ሰምቻለሁ እማ» አለና ሳህኑን ተቀበላት።