ያልተቀሰረው ጣት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሮስ ሞላላዋን ኳስ ወረወረልኝ፤ ደረቴን መታችኝና ወደቀች። ቶተንሃም ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነበርን። ሮስ ሎንዶን ያሉ አውስትራሊያውያን ያቋቋሙት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ነው። ሳምንቱን ጣሪያ ሲጠግን ይሰነብትና ቅዳሜ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። እኔን የቀጠረኝ ኳስ እንድጫወት ሳይሆን ተጫዋቾቹን እንዳስሮጥ ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር እስክወጣ ድረስ ሥራዬ አሯሯጭነት ነበር። አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ነፋሱን ይጋፈጣል፣ የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ወደ ጎን ወጥቶ ሌላው ሲያሸንፍ ያጨበጭባል። ሎንዶን ስገባ ከዚህ ዕጣ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት አንድ የክንፍ ተጫዋች ቀረ። ሮስ ማልያ ወረወረልኝ።

«ቴክ፣ ዊንግ ላይ ግባ» አለኝ። ተካልኝ የሚለው ስሜ ለአፉ አልተመቸውም።

«ሕጉን አላውቀውም እኮ።»

«መሮጥ ታውቃለህ አይደል? ይበቃል።»

እኔም እንደለመድኩት ሮጥኩ። እኛ ጫካ ውስጥ ስንለማመድ በሰልፍ ነው፤ የኋለኛው የፊተኛውን ዱካ እየረገጠ ይከተላል። ስለዚህ ኳስ የያዘውን ሰው ተረከዝ ተረከዙን እያልኩ ተከተልኩት። ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። አንድ ግንድ የሚያህል ተከላካይ መጥቶ ሁለታችንንም ባንድ ላይ ጠራርጎ ጣለን።

ሮስ ጠራኝ። «ጥላው ነህ እንዴ? መስመሩ ጋ ቁም። ማንም ኳስ ባይሰጥህም እዚያው ቁም።»

የሙያው ትምህርት ይህች ናት፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፤ በየጫፉ አራት ምሰሶ ተተክሏል። በመካከለኞቹ ሁለት መሃል ኳሷን በእግሩ መትቶ ያሳለፈ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ በጎናቸው ካለፈች አንድ ብቻ። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ሰው ሁሉ ኳሷ ወዳለችበት ይጎርፋል፣ የክንፍ ተጫዋች ግን አይጎርፍም። እሱ ዳር ሲቆም አንድ ተከላካይ አብሮት ዳር ይቀራል፣ መሃሉም ይሰፋል። ኳሷ በአንዱ ወገን ስትታፈን የኋላ መስመሩ ወደ ሌላው ወገን ያሻግራታል። እዚያ ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ካለ የማጥቃቱ ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ከዚያ ይሮጣል። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ራቅ በሄደ ቁጥር መሬት ላይ ሊያነጥራት ግድ ነው፤ ሞላላ ኳስ ደግሞ ስትነጥር ወደፈለገችበት ነው የምትሄደው። እሷን ለመግራት ዓመት ፈጀብኝ። እየሮጥኩ አነጥራታለሁ፣ እሷ ወደ ወንዙ ትሄዳለች፣ ውሻ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው ይመልስልኛል።

ትልቁ ነገር የመጨረሻዋ ምት ናት። አጥቂው ከተከላካዩ ተላቆ ወደ አንተ ሲመጣ፣ ኳሷ ዝቅ ብላና ከፊቱ ቀደም ብላ ደረቱ ላይ ማረፍ አለባት። ከፍ ካደረግካት ተከላካዩ በቡጢ መትቶ ያወጣታል። ነገሩ እንደ ጉርሻ ነው፤ አፍ ውስጥ እንጂ አገጭ ላይ አይደለም። መትተህም አትቆምም፤ ሾልካ ከወደቀች እንድታነሣት ወደ ግቡ መሮጥህን ትቀጥላለህ። አጥቂው በንጹሕ ከያዛት ግን ሜዳው ሁሉ ይቆምለታል። ማንም ሳይነካው፣ ካልሲውን ከፍ አድርጎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ይመታል። ጭብጨባው የሱ ነው።

አጥቂያችንን ዳዊትን ወደ ክለቡ ያመጣሁት እኔው ነኝ። እናቱ እትዬ ብርሃኔ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያዙኝ።

«ይኼ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሶፋ ላይ ዋለብኝ። ቁመቱ እንኳ በበር አያስገባውም። እባክህ ውሰድልኝ» አሉ።

ወሰድኩት። ሮስ ከእግር እስከ ራሱ አየውና ግቡ ፊት አቆመው። እኔ ዓመት ሙሉ ለምኛት እሺ ያላለችኝን ኳስ፣ ልጁ በመጀመሪያ ቀኑ ከሁለት ሰው ራስ በላይ ዘሎ እንደ ሎሚ ቀጠፋት። ያን ዕለት ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

በቁመቱ ቀናሁ። በእጁ ቀናሁ። ከጨዋታ በኋላ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አውስትራሊያውያኑ ዳዊትን «ዴቭ፣ ዴቭ» እያሉ ትከሻውን ሲመቱት፣ እኔ ጥግ ላይ ጉልበቴን በበረዶ ይዤ እቀመጥ ነበር። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እዚያ ፎቶ ላይ ከኋላው፣ ከርቀት፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን የያዘ አንድ ደብዛዛ ሰው ይታያል። እሱ እኔ ነኝ። ኳሷን አቀብዬ ትንፋሽ እያሳደድኩ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ጣቱ ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ልማድ አለ፤ ግብ ያስገባ ሰው ዘወር ብሎ ኳሷን ወዳቀበለው ጓደኛው ጣቱን ይጠቁማል። «የሱ ናት» ማለት ነው። በሌላኛው ክንፍ የሚጫወተው ሼን ሲያቀብለው ዳዊት ጣቱን እስከ ጥግ ይዘረጋል። እኔ ሳቀብለው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ይደፋል። ለጭብጨባው እጅ የሚነሣ መሰለኝ። ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ አመጣሁ አልኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጉልበቴ አልታዘዝ ማለት ሲጀምር፣ ክለቡ ለማጥቃቱ ምክትል አሰልጣኝ ሊቀጥር ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ያን ቦታ ክፉኛ ፈለግሁት። ካላገኘሁት ታኬታዬን ሰቅዬ ዌምብሊ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር መኖሬ ነው። ሄጄ ሮስን ጠየቅሁት።

«ሼንን ነው ያሰብኩት» አለኝ፣ የልምምድ ኮኖቹን እየሰበሰበ።

«እኔስ?»

«ስማ ቴክ፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ሰው ሲተረማመስ ኳሷን ማን እንዳቀበለ ከወንበሬ አይለይልኝም። እኔ የማየው ጣት ነው። ዴቭ ወደ ሼን ሲጠቁም ሁልጊዜ አያለሁ። ወዳንተ ሲጠቁም አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።»

ሰኞ ጠዋት ሱቃቸው ሄድኩ። ዳዊት ካርቶን ያራግፋል፣ እትዬ ብርሃኔ ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጠዋል። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ? ለሼን ትጠቁማለህ፣ እኔን ሰው ፊት አላውቅህም ትላለህ። በአንተ ጦስ ሥራዬን ልነጠቅ ነው።»

ካርቶኑን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ሲሪየስ ነዎት? እርስዎ ላይ ጣቴን ልቀስር? ሰው በተሰበሰበበት?»

«ልማዱ ነዋ።»

«ለሼን ልማዱ ነው። እሱ ማይንድ አያደርግም። እርስዎን ግን ሁልጊዜ እጅ እነሣዎታለሁ አይደል እንዴ? እያንዳንዷ ጎል ላይ። የሚያዩኝ መስሎኝ።»

«ይሞክራትና» አሉ እትዬ ብርሃኔ ቀና ሳይሉ፤ «ጣቱን ነው የምቆርጥለት። ታላቁ ላይ ጣት የሚቀስር ልጅ አላሳደግሁም።»

እትዬ ብርሃኔ ለስላሳ ከፈቱልኝ፣ ጨልጬ ጠጣሁት። ያን ሁሉ ዓመት እጅ ሲነሣኝ እኔ ጥርሴን ነክሼ ዞሬ እሄድ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ የበለጠ ተናደድኩ፤ ቅናቴን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ።

«በል፣ ቅዳሜ ትቀስራለህ። እኔው ፈቅጄልሃለሁ» አልኩት።

«ቅዳሜ እኮ ማሚ ልታየን ትመጣለች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቅዳሜ ኳሷ ከኋላ መስመር ወደ እኔ ወገን ተሻገረች። ብቻዬን ቆሜ ነበር። ሮጥኩ፣ አነጠርኳት፣ ለዚያች ቀን እንኳ እሺ ብላ ተመለሰችልኝ። ዳዊት ተከላካዩን ወደ ግራ አታሎ ወደ እኔ ሲፈተለክ፣ ዝቅ አድርጌ ከፊቱ ለቀቅኳት። ደረቱ ላይ አቀፋት። ተረጋግቶ መታት፤ በመካከለኞቹ ምሰሶዎች መሃል አለፈች።

ዘወር አለ። እናቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቀኝ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ በግራ እጁ ክርኑን ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ ዘረጋ። ታላቅ ሰው ቤት ሲገባ «ይቀመጡ» እንደሚባለው ማለት ነው። እትዬ ብርሃኔ ከመስመሩ ውጪ ሆነው ደህና እንዳደረገ በአንገታቸው መሰከሩለት። እኔም ደረቴ ሞላ።

ሮስ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። «ቴክ፣ ውጣ! ዴቭ አስቀምጡት እያለ ነው። ጉልበትህን ነው እንዴ?»

ተቀያሪ ገባብኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ምልክት ከሜዳ አስወጣችኝ።

ከጨዋታው በኋላ ዳዊት ነገሩን ለሮስ አስረዳው። ሮስ ቢራውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ያን ሁሉ ጊዜ አንገቱን ሲደፋ የነበረው...»

«ለእኔ ነው።»

«ታዲያ አንተስ? ያቀበልኩት እኔ ነኝ ማለት ምን ይከብዳል?»

ይከብዳል። እኔ ባደግሁበት ቤት እኔ እኔ የሚል ሰው ነውረኛ ነው፤ ሌላው እስኪያነሣህ ትጠብቃለህ። ይህን ለሮስ ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አልበቃም። እሱ ግን ገብቶት ነበር። ለሼን ቃል ስለሰጠ ቃሉን እንደማያጥፍ፣ የሼን ቪዛ አልቆ አገሩ ሲገባ ግን ቦታው የእኔ እንደሚሆን ነገረኝ። እንዳለውም ሆነ። እስከዚያው ለሼን ኮን ተሸከምኩ፣ በሼንም ቀናሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የክንፍ ተጫዋቾች አሠልጥኛለሁ። ዛሬ በክለባችን ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ አውስትራሊያዊ እንኳ ግብ ሲያስገባ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ይዘረጋል። ምልክቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስምም ወጥቶለታል፣ «ዴቭ» ይሉታል። «ጥሩ ኳስ ናት፣ ዴቭ አድርግለት» ይባባላሉ። ለእኔ የተሰጠችው ክብር በሱ ስም ተጠራች። ዳዊት ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

የክንፍ ተጫዋች መስመሩን ይጠብቅ፣ ኳሷንም ደረት ላይ ያድርስ። ካደረሰ በኋላ «እኔ ነኝ» ይበል።