«አማርኛ አይችልም»

ጅግጅጋ ተመድቤ በመጣሁበት ሰሞን ሶማሊኛ አንድም ቃል አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቼም የማውቀው «ተቀመጥ»፣ «ተነሥ»ና «የት ጋ ያምሃል» ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ደሴ ላሉ ዘመዶቼ ስደውል «አሁንማ የአገሩ ሰው ሆኛለሁ» እያልኩ እኩራራ ነበር። ነርስ ነኝ። ሥራዬ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ተቀምጦ መለየት ነው፤ ማን አሁኑኑ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ማን ይጠብቅ።

አስተርጓሚ የሚባል ሠራተኛ አልነበረንም። ሲቸግረን የምንጠራው ወለል የምትወለውለውን ሴትዮ ነው። ሁላችንም «ኤዶ» እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ለጽዳት ተቀጥራ የሐኪሙም የነርሱም አፍ እሷ ነበረች። ኤዶ ፎቅ ላይ ከሆነች በሽተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይሄ ለማናችንም ነውር ሆኖ አይታየንም ነበር።

የኮሮና ጊዜ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘበኛው አንድ ሽማግሌ ደግፎ አስገባ። ከቶጎጫሌ የመጣ ሚኒባስ በር ላይ አውርዷቸው ሄዷል፤ ሹፌሩም «መንገድ ላይ ደከማቸው» ከማለት በቀር ለዘበኛው ያለው ነገር የለም። ከሽርጣቸው በላይ ግራጫ ኮት ደርበዋል። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፤ ግማሹን ግን ዘበኛው እንደ ደንቡ ያደረገላቸው ማስክ ሸፍኖታል።

«ምንዎን ነው ያመመዎት?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ተከሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በማስኩ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። የሰማሁት አማርኛ አልነበረም። አማርኛ ካልሆነ ሶማሊኛ ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ ሌላ ምን ይሆናል? ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፣ ቋንቋ ያልገባው ሰው ሲጮኹበት የሚገባው ይመስል። እሳቸውም ያንኑ ደገሙልኝ። ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባዶ ነው። ካርዱን ሳብኩና «አማርኛ አይችልም፤ አስተርጓሚ ይጠበቅ» ብዬ ጻፍኩ። ካርድ ላይ አንቱታ የለም። ከዚያ አግዳሚው ላይ እንዲቀመጡ በእጄ አሳየኋቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባስታወስኩ ቁጥር በራሴ እበሽቃለሁ። ስልካቸው ጮኸ። ኮታቸው ቀኝ ኪስ ውስጥ ነው። ግራ እጃቸውን በሆዳቸው ላይ አሻግረው ኪሱን ይፈልጋሉ፤ አልደርስ አላቸው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ስልኩ ጮኾ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «አባባ፣ እባክዎ ስልክዎን ያጥፉት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ያ ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ እጃቸውን በዓይኔ እያየሁ፣ የከነከነኝ የስልኩ ጩኸት ብቻ ነበር።

ኤዶ የመጣችው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ አጠገባቸው ተቀመጠችና «አዴር» አለቻቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። በሶማሊኛ ጠየቀቻቸው። ያጉረመረሙት አልሰማ ስላላት ማስኩን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። አዳመጠቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«ሲስተር፣ ይሄ ሶማሊኛ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ዐረብኛ ነው?»

«ምንም አይደለም። ቋንቋ አይደለም። አፋቸውን እይ እስቲ።»

አየሁ። አፋቸው ወደ ግራ ተስቧል፤ በቀኝ በኩል ከንፈራቸው ወርዶ ምራቅ ቀዩን ጢም አርሶታል። ሁለቱንም እጆቼን አንሥቼ እንደዚህ ያድርጉ አልኳቸው። ግራው ተነሣ፤ ቀኙ ከጭናቸው ንቅንቅ አላለም። ስትሮክ ነው። ፊት፣ እጅ፣ ንግግር፦ ተማሪ ሳለሁ እንቅልፌን እያጣሁ የሸመደድኩት ይሄንኑ ነው። ጥርስዎን ያሳዩኝ ብሎ የአፍን መጣመም ለማየት አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር። ማስኬንም ማስካቸውንም ዝቅ አድርጌ፣ ጥርሴን ገልጬ ባሳያቸው ይበቃ ነበር።

ከዚያማ ሩጫ ሆነ። አልጋ፣ የደም ግፊት፣ ጣት ወግቶ ስኳር ማየት፤ ስኳር ሲያንስም ሰው እንዲህ ይሆናልና። ስኳሩ ደህና ነው፤ ግፊቱ ሰማይ ነክቷል። ሐኪሙ ውኃም ቢሆን በአፋቸው እንዳይገባ አዘዘና «ደህና ሆነው የታዩት እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ሊደረግላቸው እንደሚችል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይላኩ አይላኩ፣ የሚወሰነው በዚህ ሰዓት ነው። በየቀኑ የበሽተኛ ቤተሰብ ላይ የምቆጣውም በዚሁ ነው፤ «እንዴት ሰዓቱን አታውቁም? ዓይናችሁ የት ነበር?» እያልኩ። እኔ የማውቀው አግዳሚው ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሰዓት ብቻ ነው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ከኪሳቸው አውጥቼ አነሣሁት። ሴት ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ጅግጅጋ አስተማሪ ነች። «ሦስት ሰዓት ላይ ደውሎልኛል፤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ ብሎኝ ስንሳሳቅ ነበር» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ሰዓቱ እዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። ያጥፉት ብዬ የጮኽኩት በእሱ ላይ ነው።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ካርዱን አገኘችና አነበበችው።

«አማርኛ አይችልም?» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ ቶጎጫሌ ጉምሩክ በር ላይ ሃያ ዓመት የሠራው አስተርጓሚ ሆኖ ነው። አማርኛ የማይችል ነጋዴ ሁሉ ማመልከቻውን የሚያጽፈው እሱ ጋ ነው። እኔንም አማርኛ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። አስተርጓሚ እስኪገኝ ብዬ አግዳሚ ላይ ያስቀመጥኩት አስተርጓሚውን ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» ብላ ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች።

ባልደረቦቼ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «ቶሎ ብናውቅስ ምን እናደርግላቸው ነበር? የረጋ ደም የሚያቀልጠው መድኃኒት እንደሆነ የለን» አሉኝ። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ይሄ ማጽናኛ ነው። መድኃኒት የለንም ማለትና ዓይን የለንም ማለት አንድ ነው እንዴ? ልጃቸው ቀድማ ከአጠገባቸው ትሆን ነበር። የሚላኩ ከሆነም በጊዜ ይላኩ ነበር። ሌላው ቢቀር፣ ቃላቸው ከአፋቸው የጠፋበትን ያን ሰዓት ሰው መሀል ብቻቸውን አይቀመጡም ነበር።

በሳምንቱ ስለ ስትሮክ ስልጠና ተሰጠን፤ አፉ የተጣመመ ሰው ሥዕልም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁላችንም ፈርመን ገባን። የለየቻቸው ኤዶ ግን አልተጠራችም፤ እኛ ስንሰለጥን ውጭ ኮሪደሩን ትወለውል ነበር። እኔም ብሆን ያን ዕለት ካርዱ ላይ ከታች «ስትሮክ» ብዬ ጨመርኩ እንጂ የላይኛውን መስመር መሰረዝ ትዝ አላለኝም።

ስምንት ወር ቆይቶ ሽማግሌው ትኩሳት ይዟቸው በዚያው በር ገቡ። በግራ እጃቸው ከዘራ ይዘዋል፤ በቀኝ በኩል ልጃቸው ደግፋቸዋለች። እኔ ወደ ውስጥ ተዛውሬያለሁ፤ ወንበሬ ላይ ከሌላ ክልል በቅርቡ የመጣ ነርስ ተቀምጧል። ዕቃ ፍለጋ ወጥቼ አየኋቸውና ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ነርሱ የቆየ ካርዳቸውን አስመጥቶ ገለጠና የእጄን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበው።

«አማርኛ አይችልም… አስተርጓሚ አለ?»

ልጃቸው ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ከዘራውን ከፍ አድርገው አስቆሟት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አንገታቸው ላይ ሥሩ ተገተረ። ልናገርላቸው ፈለግሁ፤ ግን ቃሉ የእሳቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እ… እች… እችላለሁ» አሉ።

ተቆራርጦ ነው የወጣው እንጂ አማርኛ ነበር። ነርሱ ግን አልሰማቸውም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ መልስ ሳይጠብቅ ኤዶን ሊፈልግ ወጥቷል።