ነጯ ባለማርሽና ግራጫዋ አውቶማቲክ

መጋረጃ ሰፊዋ በሃምሳ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላ ስትነሳ ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አጣ። ከሥራ ቤቷ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ «እትዬ፣ መኪናውንም በክር ሊጎትቱት ነው?» ብሎ ቀለደባት። «አንተ ብቻ ዕቃህን ከበራፉ አንሳ፤ ማቆም ገና አልተማርኩም» አለችው። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን ደጅ ላይ ይደረድራቸው የነበሩትን ባልዲዎች በሙሉ ወደ ውስጥ አስገብቶ ታየ።

የመንጃ አስተማሪዋን ጉድ ያሰኘችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ጀማሪ ሁሉ ፍሪሲዮን ሲለቅ መኪናው ሁለቴ ሦስቴ ይዘላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ አስተማሪውም ለዚያ ተዘጋጅቶ እጀታውን ጨብጦ ተቀምጧል። እሷ ግን ፍሪሲዮኑን በቀስታ፣ በቀስታ ለቀቀችው፤ መኪናዋ ልስልስ ብላ ተነሳች። «የት ነው የለመዱት?» አላት ሰውየው ዓይኑን አፍጥጦ። «ስፌት ላይ» አለችው፤ እውነቷን ነበር። ያ አሮጌ የፋብሪካ ማሽኗ ፔዳሉ ቁጡ ነው፤ ትንሽ ከበዛበት ጨርቁን ይዞ ይጋልባል፣ ትንሽ ካነሰው ንቅንቅ አይልም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ቁጡ ነገር በግራ እግሯ ስታባብል ኖራለች። ሌላው ሰው ወራት የሚፈጅበትን ልክ፣ ያ እግር ከድሮ ጀምሮ ያውቀው ነበር።

ፈተናውን በአንዴ አለፈች። ዜናውን መጀመሪያ የነገረችው ለታላቅ ወንድሟ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሠላሳ ዓመት ባለተሳቢ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ አገሩ ሁሉ «ተሳቢ» እያለ ይጠራዋል። ለሰው ቶሎ ምስጋና የሚወጣው ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «በማርሽ መኪና ተፈትነሽ ካለፍሽ፣ አሁን ገና የኔ እህት ሆንሽ» አላት። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እህቱ ነበረች፤ ቢሆንም ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ለሁለት ቀን ሰው ባገኘች ቁጥር ወሬውን እየጠመዘዘች ወደ ፍሪሲዮን ታመጣው ነበር።

ሥራ ቤቱ የመጋረጃ ሰፊዋና የታናሽ እህቷ ነው። ታናሽየዋን ሁሉም «ትንሿ» ይላታል፤ አርባ አንድ ዓመት ሞልቷታል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። በልጅነቷ በያዛት በሽታ ግራ እግሯ ሰልሎ ቀርቷል፤ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ የብረት ድጋፍ ታስራለች፣ በብብቷም ክራንች ትይዛለች። መስኮት የምትለካውና ጨርቅ የምትቆርጠው እሷ ናት። ዓይኗ ሜትር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜትሩን የምትዘረጋው ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት ብቻ ነው ይባላል። ታላቅየዋ እሷን ተክታ የለካች ቀን የአንዱ ሰውዬ መጋረጃ ከወለሉ አንድ ስንዝር ቀርቶ ተሰቀለ፤ ከዚያ ወዲህ ሜትር አስነክተዋት አያውቁም።

ችግሩ ትንሿ የምትሄደው ሰው ሲወስዳት ብቻ መሆኑ ነው። ተሳቢ ሲመቸው በሰው መኪና ያደርሳታል፤ ጎረቤት ሲመቸው ጎረቤት። «እንደተመቻችሁ» ትላለች ሁልጊዜ፣ ፈገግ ብላ። ባለፈው ክረምት ተሳቢ አንድ ደንበኛ ቤት አድርሷት ሄደ፤ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ጨዋታ ይዞ ረሳት። ልኬቷን በግማሽ ሰዓት ጨርሳ፣ የቤቱም ባለቤቶች በር ቆልፈው ወጥተው፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ማታ ስትገባ ስለ መስኮቶቹ እንጂ ስለ ደረጃው ትንፍሽ አላለችም። ታላቅየዋ ወሬውን የሰማችው ከሳምንት በኋላ ከደንበኛዋ አፍ ነው። መኪና መግዛት አለብን ብላ የቆረጠችው ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ከተሟላ በኋላ የቀረው ምርጫ ነበር፤ ባለማርሽ ይሁን አውቶማቲክ? ተሳቢ ሥራ ቤት ድረስ መጥቶ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው ንግግር አደረገ።

«አውቶማቲክ መንዳት አይባልም፤ መቀመጥ ነው። መኪና ማለት ማርሽ ነው። ዳገት ላይ አንቺ ታዢዋለሽ እንጂ እሱ አያዝሽም። ባትሪው ቢሞት ተገፍቶ ይነሳል። ቢበላሽ የትም መንደር ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ አንዴ ከሄደ ግን፣ መኪናው ቤት ሆነ በይው፤ ዶሮ ታስገቢበታለሽ።»

«ልክ ነው ጋሼ» አለች ትንሿ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፈጠን ብላ። «ማርሽ ያለው ይሻልሻል እትዬ። እጅሽም የለመደው እሱ ነው።»

ታላቅየዋ ቀና ብላ አየቻት። ትንሿ አንገቷን ደፍታ መቀሱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ መቀሱ ውስጥ ግን ጨርቅ አልነበረም።

ይህን አይታ እንዳላየች አለፈች። ማለፏን እኔ አልደብቅላትም። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና በአንድ ቀኝ እግር እንደሚነዳ ታውቃለች፤ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ነገር ግን በሃምሳ ዓመቷ ያገኘችው ያ ችሎታ፣ ያ «አሁን ገና እህቴ ሆንሽ» የተባለችበት፣ እንዲሁ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ባለማርሹን ፈለገችው። ልጅ አሻንጉሊት እንደሚፈልግ ነው የፈለገችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ያገለገሉ መኪኖች ወደሚሸጡበት ሰፊ ግቢ ሄዱ። ደላላው ከበር ተቀበላቸው። «ኑ እናቴ፣ ለእርስዎ የምትሆን አለችኝ።»

«እናትህ ቤቷ ናት። ዕቃ መጫን የምትችል አሳየኝ» አለችው መጋረጃ ሰፊዋ።

ለበጀታቸው የሚሆኑ ሁለት ነበሩ። አንዷ ነጭ ባለማርሽ፤ ከኋላ ሰፊ፣ የመጋረጃ ብረት ከነርዝመቱ የምታስገባ። ሌላዋ ግራጫ አውቶማቲክ፤ እሷም ከኋላ ሰፊ ናት፣ ግን ቀለሟ በጣሪያዋ ላይ ተላልጧል፣ የሹፌሩ ወንበርም ጎኑ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ተሳቢ ግራጫዋን ዞር ብሎም አላያትም።

ነጯን ይዛ ወጣች። ተሳቢ አጠገቧ፣ ትንሿ ከኋላ። ከግቢው በላይ ያለውን ዳገት ግማሽ ላይ አቁማ፣ ያለ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ መንሸራተት አስነሳቻት። ማርሹ እጇ ላይ ቅቤ ሆነላት። ተሳቢ እንደ ልጅ አጨበጨበ። «እኔ እንኳን በጉብዝናዬ ዘመን እንዲህ አላስነሳም!» ወደ ግቢው ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ልቧ ነጯ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«በቃ፣ ጨርሰናል» አለ ተሳቢ።

መጋረጃ ሰፊዋም «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ግን ሌላ ነበር። «ግራጫዋንም ልሞክራት።»

«ለምን ብለሽ?»

«ልሞክራት አልኩ።»

ደላላው ቁልፉን አመጣ። ሦስቱም እንደ በፊቱ ተቀመጡ። ግራጫዋ ድምፅዋ እንኳን አይሰማም፤ ፍሬኑን ስትለቅላት ራሷን ችላ ተንቀሳቀሰች። መጋረጃ ሰፊዋ ግራ እጇን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጇን ማርሹ ላይ አድርጋ በግቢው ውስጥ ቀጥ ብላ ነዳች። የግቢው አጥር ሲቃረብ፣ ያ ሃያ ስምንት ዓመት የሠለጠነ ግራ እግር ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሳ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠ። ፍሪሲዮን ግን አልነበረም፤ የረገጠው ፍሬኑን ነው።

መኪናዋ ግንብ የገጨች ያህል ቀጥ አለች። የተሳቢ ግንባር ዳሽቦርዱን ሳመው። ትንሿ የፊቱን ወንበር አቅፋ ቀረች፤ ክራንቿም ከኋላ በርሮ መጥቶ ማርሹ ላይ ተጋደመ።

«አየሽ!» አለ ተሳቢ ግንባሩን ይዞ፤ ሕመሙም ድሉም አንድ ላይ ፊቱ ላይ ይታያል። «አየሽ! ይሄ መኪና ላንቺ አይሆንም! ሰው ትጨርሺበታለሽ!»

ደላላው ከሩቅ ሳቁን ለመያዝ አፉን በእጁ ሸፍኗል። መጋረጃ ሰፊዋ ፊቷ ቀላ። ይኸው ሰበቡ ተገኘ። አሁን ወርዳ ነጯን ብትገዛ ማንም አይፈርድባትም፤ ራሷም በራሷ ላይ አትፈርድም። ሞክሬ አልሆነልኝም ብሎ መገላገል ነው።

በዚህ መሐል ትንሿ ከኋላ ወንበር አንገቷን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አስግጋ፣ ወደ እህቷ እግር ሥር አጎንብሳ ታያለች።

«ሁለት ብቻ ናቸው እንዴ?» አለች።

«ምኖቹ?»

«ፔዳሎቹ።» ከዚያ እንደ ደነገጠች ሁሉ ፈጥና ወደ ኋላ ተመለሰች። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

ያ «ዝም ብዬ ነው» መጋረጃ ሰፊዋን ወጋት። እህቷን አርባ አንድ ዓመት ታውቃታለች፤ ዝም ብላ የጠየቀችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ያለ ፍላጎቷ የምትተወውን ነገር ሁሉ እንዲህ ነበር የምትተወው። ሞተሩን አጥፍታ በሩን ከፈተች፣ ወረደች፣ የኋላውን በር ከፈተች።

«ትንሿ፣ ነይ ውረጂ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ በይ።»

«እትዬ፣ አብደሻል?»

«ነይ አልኩሽ።»

«ሰው ያየናል እኮ!»

«ይየን! አጥር የለውም እንዴ? መሐሉም ባዶ ነው። አንድ ዙር ብቻ። መንጃ ፈቃዱን ነገ ታወጪዋለሽ፤ አሁን እግርሽን ብቻ ልይ።»

«እስቲ ተዪያት» አለ ተሳቢ። «ለምን ታስጨንቂያታለሽ? ደግሞ እኔ መጀመሪያ ነግሬሻለሁ፤ የዚህ መኪና ካምቢዮ ቢበላሽ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሲበላሽ እናሠራዋለን ጋሼ» አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ይቺ ልጅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀን ያለፈው ጊዜ ነው ተመልሶ የማይሠራው።»

ተሳቢ ደረጃው የትኛው እንደሆነ አልጠየቀም። ግንባሩን እያሸ ከመኪናው ወርዶ ከደላላው ጎን ቆመ።

ትንሿ መሪው ፊት ተቀምጣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገች፤ የብረት እግሯን በእጇ አንስታ ወደ ግራ ጥግ አስቀመጠችው። እዚያ የሚያስቸግረው ፔዳል አልነበረም። መጋረጃ ሰፊዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ የእጅ ፍሬኑን ጨበጠች። «ቀኙ መሄጃ፣ የግራው ማቆሚያ። ሁለቱንም በዚሁ ቀኝ እግርሽ። ስፌት ነው በይው።»

ማሽን ላይ ስትቀመጥ ትንሿ ዘወትር በቀኝ እግሯ ብቻ ነው የምትሰፋው፤ ሌላ ምርጫ ኖሯት አያውቅም። ያ ቀኝ እግር የሁለት እግር ሥራ የለመደ ነው። የሚረሳው ፍሪሲዮን የለው፣ የሚሳሳትበት ልማድ የለው። ነዳጁን ረገጥ አደረገች፤ ግራጫዋ ሸርተት ብላ ተነሳች። ማእዘኑ ላይ ፍሬን ያዝ፣ ለቀቅ፤ መሪውን ትንሽ አበዛችው፣ መለሰችው። መጋረጃ ሰፊዋ ቀስ በቀስ እጇን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አነሳች። በመስታወቱ ነጯን አየቻት፤ ፀሐይ ወጥቶባት ታብረቀርቃለች። ቅር አላት፤ አልዋሽም፣ በደንብ ቅር አላት። ግራ እግሯንም ከወንበሩ ሥር አጥፋ ያዘችው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንን እግር ሥራ ፈት ማድረግን ልትማር ነው። እንደ ምንም ትማረዋለች።

በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ደላላውን ጠራችው። «ግራጫዋን ነው የምንወስደው! ወረቀቷን አምጣ! ለተላላጠው ጣሪያም ትቀንስልናለህ!»

ደላላው ወረቀት ፍለጋ ሮጠ። ትንሿ አላየችውም፤ ዓይኗ ከፊት ለፊቷ ነው፣ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ ለማበስ ግን ከመሪው ላይ እጇን አላነሳችም። የጀመሩበት ቦታ ደረሰች። አላቆመችም። ሁለተኛ ዙር ገባች፤ ይህኛው ከፊተኛው ፈጠን ያለ ነው።

ተሳቢ በአጠገቡ ሲያልፉ እጁን አርገበገበ። «አንድ ዙር አላልሽም እንዴ? ኧረ አቁሚ በያት!»

«ስትፈልግ ታቆማለች!» አለችው መጋረጃ ሰፊዋ።

ትንሿም ሦስተኛውን ዙር ጀመረች።