ከእግሬ ሥር የነበረው ጆንያ

ባለፈው ሳምንት ቱት የሚባል ወጣት ቤቴ መጣ። አባቱን አስተምሬዋለሁ፤ ልጁ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የልማት ኢኮኖሚክስ ያጠናል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው እዚሁ ጋምቤላ፣ ስለ ባሮ ዳር ቀበሌዎች ንጹሕ ውሃ ነው። መጠይቁን እንዳርምለት ይዞ መጥቶ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እሱ ማንጎ ይልጣል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ። እስከ ስምንተኛው ጥያቄ ድረስ ከነጠላ ሰረዝ በቀር ያረምኩት አልነበረም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ እጄ ቆመ።

«የኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት፦ ሀ. ከፍተኛ ለ. መካከለኛ ሐ. ዝቅተኛ።»

«ቲቸር፣ ምነው?» አለኝ ቱት። ፊቴ ተለዋውጦ ሳይሆን አይቀርም።

«ይህቺን ከየት አመጣሃት?»

«ከዚህ በፊት ከተሠሩ ጥናቶች። ሁሉም ላይ አለች።»

አዎ፣ ሁሉም ላይ አለች። እዚህ አገር መጀመሪያ ከጻፏት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ይህን ልጁ አያውቅም። ንዴቱ ስንት ዓመት ሆኖትም አልቀዘቀዘም።

ክልሉ ገና ክልል የሆነበት ሰሞን ነበር። ከተማው ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል። ቢሮ ከሚባሉት አንዳንዶቹ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነበሩ፤ ማኅተም ግን የሌለው አልነበረም። እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የሃያ ስድስት ዓመት መምህር ነበርኩ። ከምንም በላይ ማስረዳት እወድ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ ሠንጠረዥ ማስመር። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየወጣሁ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። የልማት ኢኮኖሚክስ ስጀምር ዓይኔ የተከፈተ መሰለኝ። ድህነት ዑደት አለው፣ ሙስና ምክንያትና ውጤት አለው፤ የሰው መከራ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ይገባና ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት ይሰመርለታል። ጋምቤላ ተመልሼ የጂኦግራፊ ሰሌዳዬን ሳይቀር በቀስት ሞላሁት።

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ቀስት ምንድን ነው? አደን ልትወጣ ነው?» ይለኝ ነበር ኡጁሉ። ኡጁሉ የአኙዋክ ልጅ ነው፤ አብረን እናስተምር ነበር፤ የምሳ ሰዓታችንን በእኔ መሳቅ ያሳልፋል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የእጅ ፓምፕ ነበር። አንድ የክልሉ ቢሮ ከከተማው ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ፣ ባሮን ተከትለው በሠፈሩ አምስት መንደሮች አምስት ፓምፖች ተክሎ ነበር። እኔ የፈለግሁት ሰው ይጠቀምባቸው እንደሆነ ማጥናት ነው። ሥርዓት ወዳድ ነኝና ፕሮግራሜን አስቀድሜ በደብዳቤ ላክሁ፦ ሰኞ የመጀመሪያው መንደር፣ ማክሰኞ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ዓርብ። የቢሮው ኃላፊ ደብዳቤውን አንብቦ ፈገግ አለ። «ክልሉ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው» አለኝ፤ መኪናም ከነሾፌሩ ፈቀደልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ከልቡ ነበር የተናገረው።

የበጋ ወር ነበር። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ የመኪናው መስኮት ሲከፈት ዐመድ ዐመድ ይሸታል። ጅግራዎች ከፊታችን እየሮጡ መንገድ ያቋርጣሉ። ሾፌሩ ታደሰ ዝምተኛ የወለጋ ሰው ነበር። ፊት ለፊት ከእሱ ጎን ስቀመጥ እግሬ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ብረት ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መለዋወጫ ነው። እግርህን አሳርፍበት።»

አሳረፍኩበት። አምስት ቀን ሙሉ እግሬን አሳርፌበት ሄድኩ።

መንደር ስንደርስ ታደሰ «እናንተ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ እኔ መኪናዬን ጥላ ላስይዝ» ይለንና ወደ ውስጥ ይነዳል። በዚያ አገር እንግዳ ሳይበላ ስለመጣበት ጉዳይ አይጠየቅም፤ እሱም አይናገርም። ኡጁሉ ያስተረጉምልኝ ዘንድ አብሮኝ ነበርና ከሽማግሌዎቹ ጋር ከዛፍ ሥር ተቀምጠን የበቆሎ ገንፎ ከባሮ ዓሣ ጋር እንበላለን። ዓሣው በጭስ የደረቀ ነው፤ ጣዕሙ እስከ ማታ ከጣት አይለቅም። ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ተመርቀን እስክንነሣ ሰዓት ይሞላል። ከዚያ ወደ ፓምፑ ስንሄድ ውሃው ይንፎለፎላል።

ፓምፑን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከመሬት የወጣ ወፍራም ቧንቧ አለው፤ አናቱ ላይ እጀታ በሁለት ብሎን ይታሠራል። እጀታው ወደ ላይና ወደ ታች ሲባል ውሃው ይሳባል። ብሎኑን ለመፍታት ከአንድ መፍቻና ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈልግም። እጀታ የሌለው ፓምፕ ደግሞ መሬት ላይ የተተከለ ብረት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ሰኞ ዕለት እጀታው ጫፍ ላይ ያረጀ የብስክሌት ካላማዳሪያ ተጠምጥሞበት አየሁ። እጅ እንዳይልጥ መሆኑ ነው ብዬ «እንክብካቤ» በሚለው ዓምድ ሥር ምልክት አደረግሁ። ማክሰኞም ካላማዳሪያ ነበረው። ረቡዕም። ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት። መንደርተኞቹ እርስ በርስ ተማምረው ይሆናል ብዬ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ! «የልምድ ልውውጥ» የሚል ርዕስም ሰጠሁት።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ፓምፑ እየሠራ ሴቶቹ ከወንዝ ቀድተው ይመጣሉ። ሦስተኛው መንደር ውስጥ አቻላ የምትባል አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት በግራ እጇ ራሷ ላይ ያለውን እንስራ ደግፋ ከባሮ ስትመለስ አገኘኋት። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች የለም። ውሃ ስትቀዳ አዞ ነው የወሰደው። እጇን ከወሰደባት ወንዝ ዛሬም ትቀዳለች።

«ፓምፑ እያለ ለምን ወንዝ ትወርዳለች? ጠይቅልኝ» አልኩት ኡጁሉን።

አቻላ ረጅም ጊዜ አየችኝና ተናገረች። ሴቶቹ ሳቁ።

«ውሃው የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ነው ትላለች» አለ ኡጁሉ። «እንግዳው ሲሄድ ውሃውም ይሄዳል። ቶሎ ቶሎ ና ትላለች።»

እኔም ሳቅሁና ጻፍኩ፦ «ነዋሪዎቹ ፓምፑን የሚጠቀሙት ጎብኚ ሲመጣና ሲገፋፋቸው ነው። የባለቤትነት ስሜታቸው ዝቅተኛ ነው።»

ኡጁሉ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አንብቦት ኖሯል። «ቲቸር፣ የተናገረችውን ጻፍከው?»

«ትርጉሙን ጻፍኩት» አልኩት።

ክረምት ላይ ጽሑፉን አስገባሁ፤ አስተማሪዬ ዳር ላይ «ጥሩ ትንተና» ብሎ ጻፈልኝ። አንዱን ቅጂ በሚያምር ክር አስጠርዤ ለቢሮው ሰጠሁ። በተከታዩ በጋ ቢሮው ጠራኝ። በጥናቴ መሠረት «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» ተዘጋጅቷል፤ ከአዲስ አበባ ለፓምፖቹ ገንዘብ የረዱ እንግዶች ይመጣሉ፤ አሠልጣኙ እኔ ነኝ፤ ቦታው የአቻላ መንደር ነው። ሠንጠረዦቼን አስቀድሜ ለመስቀል ብዬ በዋዜማው ከኡጁሉ ጋር በብስክሌት ሄድኩ። በፕሮግራም ያልተያዘ ጉዞ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፓምፑ አንገቱ ብቻ ቆሟል። እጀታ የለውም። አንድ ፍየል ታስሮበት ያመሰኳል። ሲሚንቶው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አቻላ ከጎጆዋ ወጣች። አንዴ ፓምፑን፣ አንዴ የራሷን ቀኝ ክርን በአገጯ እያሳየች አንድ ነገር አለች፤ ራሷም ሳቀች።

«እሱም እንደ እኔ ነው ትላለች» አለ ኡጁሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ሳያነሣ፣ «አምና ነግራሃለች። አንተ ግን ትርጉም ጻፍክ» አለኝ።

በማግሥቱ መኪናዎቹ እንግዶቹንና የቢሮውን ኃላፊ ይዘው መጡ። ለእንግዶቹ ከዛፉ ሥር ገንፎና ዓሣ ቀረበላቸው። እኔ አልተቀመጥኩም፤ ታደሰን ተከተልኩት። ጆንያውን ከመቀመጫው ሥር ጎትቶ ፈታው። ካላማዳሪያው የተጠመጠመበት እጀታ ወጣ። አምስት ቀን የረገጥኩት እሱ ነበር።

«የቀሩት አራት ፓምፖች እጀታስ የት ነው?» አልኩት።

«ከመጀመሪያውም አልመጣም። ወረቀት ላይ ነው የመጣው።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ልጆች አሉኝ ወንድሜ። እባክህ ብሎኑን ያዝልኝ፣ እንግዶቹ ሊነሡ ነው።»

ያዝኩለት። ብሎኑን ያዝኩለት፤ ቀጥዬም ሠንጠረዦቼ ፊት ቆሜ ውሃ ለተነፈጉ ሰዎች ስለ ባለቤትነት ስሜት አንድ ሰዓት አስተማርኩ። ኡጁሉ እያንዳንዱን ቃል ተረጎመ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሣም። እንግዶቹ ሴቶቹ ሲቀዱ ፎቶ አነሡ፣ አመስግነው ሄዱ።

ታደሰ መፍቻውን ይዞ ሲመጣ አቻላ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እጀታውን በአንድ እጇ አቅፋ አገኘናት። ስትናገር በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

«ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ ትላለች» አለ ኡጁሉ። «እኔ ሳልሄድ ውሃው አይሄድም።»

የቢሮው ኃላፊ ፈገግ እያለ ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ እርስዎን ይሰማሉ። እስኪ ያስረዱልን።»

ማስረዳት! ሕይወቴን ሙሉ የምወደው ሥራ። አቻላ ፊት ቁጢጥ አልኩ። እጀታውን ብትሰጥ እንደሚሻል፣ እኔ ደብዳቤ እንደምጽፍ፣ ነገሩ በሥርዓቱ እንደሚያልቅ፣ የራሳቸው እጀታ በቋሚነት እንደሚመጣ ተናገርኩ። ኡጁሉ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ይህን አልተረጉምም። ራስህ ንገራት።»

አቻላ አማርኛ ትችል እንደሆን አላውቅም ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየች በአማርኛ ጠየቀችኝ፤ «አንተ ታመጣለህ?»

«አመጣለሁ» አልኳት።

ለቀቀችው።

ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ጻፍኩ፤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ሥርዓት የጠበቀ። መልሱ ከወር በኋላ ደረሰኝ፤ ቃል በቃል አልረሳውም። «ችግሩ የኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት ማነስ መሆኑ በእርስዎ ጥናት ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ዕቃ ከማቅረብ ይልቅ ሥልጠናው እንዲቀጥል ተወስኗል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን።» ማኅተም አለው። ወደ ሌላ ቢሮ ጻፍኩ፤ ያው ገጽ ሠላሳ አንድ ተጠቅሶ ተመለሰልኝ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙስና ማለት ሥልጣንን ለግል ጥቅም ማዋል ነው ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም አስተምሬዋለሁ። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ጎድሏል። እጀታውን የበላው ሰው ሌላ ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ንጹሕ፣ የተማረ፣ አንዳች ያልሰረቀ፣ ሠንጠረዥ የሚያሰምር ሰው። ጥፋቱን ከሌባው አንሥቶ በተሰረቀው ላይ የሚጭን ቃል የሚያቀብለው። እኔ አቀበልኩት፤ ሳንቲም ሳልቀበል፣ በነጻ፣ በክር ጠርዤ። በሌባው ላይ የተናደድኩት ንዴት በየጊዜው ይበርድልኛል። በራሴ ላይ የቀረው አይበርድም።

ኡጁሉ ለወራት ምሳ አብሮኝ አልበላም። ዝናቡ ገብቶ ባሮ ከሞላ በኋላ አንድ ቀን መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ «አቻላ ስላንተ ትጠይቃለች» አለኝ።

«ስለ እጀታው?»

«አይደለም። ‹ያ የሚጽፈው ልጅ ደህና ነው?› ትላለች።»

ያን ክረምትም በአንድ እጇ ከሞላው ወንዝ ትቀዳ ነበር። እኔ ደግሞ ደህና ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለቱት አልነገርኩትም። ተራ ቁጥር ዘጠኝን በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ሌላ ጥያቄ ጻፍኩለት፦ «እጀታው የት ነው?»

ልጁ ማንጎውን አስቀምጦ አነበበው። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ምርጫ የለውም። ሠንጠረዥ ውስጥ እንዴት ይገባል?»

«አይገባም» አልኩት። «ጠይቅ። ሲነግሩህ ደግሞ ያሉህን ጻፍ።»

«እሺ። ለቀበሌዎቹ የምልከውን ፕሮግራምስ ያዩልኛል?»

እጄን ዘረጋሁ፤ ሰጠኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለ በሚያምር ሠንጠረዥ ተሰምሯል። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ወረቀቱን አልመለስኩለትም።